ውሃው የማን ነው?

ጃንዋሪ 13፣ ሞንትሪያል
በረዶ። መኪናዬን ቆፍሬ ሳወጣ የጎረቤቴ ሆና ተገኘች። አመሰገነኝ። ምስጋናውን ተቀበልኩ።

ቢሮ ስገባ ትናንት ኮምፒውተሬ ላይ ያየሁት መስመር እዚያው ነበር። ፕላኔቷ በኮከቧ ፊት ስታልፍ ብርሃኑ ላይ የውሃ ተን የሚመስል አሻራ... እውነት ከሆነ ዓለታማ ፕላኔት፣ አየር ያላት። እኔም ሥራ ያለኝ። ካልሆነ ኮንትራቴ ኦገስት ላይ ያልቃል።

ጃንዋሪ 16
የመሥሪያ ቤታችን ደንብ፦ አንዱን ምልከታ ሁለት ሰው ለየብቻ ይሠራዋል፤ እስኪጨርሱ ትንፍሽ የለም። ሁለተኛዋ ኦዲል ናት። ምሳ ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን።
«ምነው አፈጠጥክብኝ?»
«ሾርባው እንዴት ነው?»
«ውሃ በዝቶበታል።»
ምን ማለቷ ነው?

ፌብሩዋሪ 3
ውጤታችንን ገለጥን። ኦዲልም ውሃ አግኝታለች። አለቃችን ጂስሌን ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጂስሌን ሌላ ጊዜ አትቀመጥም። «ሬሚ፣ ለማንም እንዳትናገር።» ለእናቴ ብቻ ነገርኩ። እሷ ለመላው የሼርብሩክ ከተማ።

ፌብሩዋሪ 20
አዲሱ ምልከታ መጣ። ውሃው እጥፍ ሆኗል። ፕላኔት በዓመት ውስጥ ውሃዋ እጥፍ ይሆናል?

አይሆንም። እንዲህ ያሉ ትናንሽ ቀይ ኮከቦች ቀዝቀዝ ያሉ ጥቁር ነጠብጣቦች አሏቸው፤ እነሱ ላይ የውሃ ተን አለ። ነጠብጣቡ ሲበዛ ውሃው ይበዛል። ፕላኔቷ የለችበትም... ለየብቻ ሠርተን አብረን ተሳሳትን።

ዝም ብልስ? ማን ያውቃል? እኔ።

ፌብሩዋሪ 21
ነገርኳቸው። ጂስሌን የሁለቱን ምልከታዎች ግራፍ ቆማ አየችው።
«ኮከቡ ነው።»
«ኮከቡ ነው።»
«ኦገስት ላይ ምን ልትሆን ነው?»
«አላውቅም።»
«እኔም።»
ኦዲል ከበሩ፣ «ቢያንስ ተስማምተን ነው የተሳሳትነው። እዚህ ቤት ስምምነት ብርቅ ነው» አለች።
እንቅልፍ የለም።

ኤፕሪል 9
የመጀመሪያው ምልከታ ለእኛ ብቻ የተሰጠበት ዓመት ስለሞላ ለሁሉም ተከፍቷል። የካሊፎርኒያ ቡድን «ውሃ አገኘን» ብሎ ጽሑፍ አወጣ። ሁለተኛው ገና እኛ ጋ ብቻ ነው።

እናቴ ደወለች። «ውሃህን ወሰዱብህ?»
«ይውሰዱት፣ እማዬ።»

የጽሑፉ ዋና ጸሐፊ ማሪት የምትባል ልጅ ናት። ድረ ገጿን አየሁት። የእሷም ኮንትራት ኦገስት ላይ ያልቃል። ጂስሌን፣ «ከጋዜጠኞቹ በፊት አንተ ንገራት» አለችኝ። መጻፍ ጀመርኩ፣ ሰረዝኩ... ደወልኩ። ከኋላዋ ሰዎች ይስቃሉ። ኬክ እየቆረጡ ነው መሰለኝ።
«ነገ ልደውል?» አልኳት።
«አጣዳፊ ነው እንዴ?»
«አይ፣ ኬክሽን ብዪ። ኮከቡ የትም አይሄድም።»