እማማ ተናኘወርቅ የተሰለፉበት ቀን

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣ ለጥላ ከለላዬ ለአየነው፦

ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህ ከአጨዳው ወዲህ ተሻለው ወይ? እምዬስ እንዴት ናት፣ ዓይኗስ? ጾሙስ እንዴት ይዟችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ መድኃኔዓለም ይመስገን፣ ከነልጄ ደህና ነኝ። የሀዋታ ፀሐይ ግን ታኅሣሥም ሆኖ አይምርም።

ወንድምዬ፣ ይህን በሰው እጅ የላክሁልህ በስልክ የማይነገር ነገር ስለገጠመኝ ነው። ብቻህን ሆነህ አንብበው።

በዚያ ሰሞን ዓርብ ዕለት፣ እዚህ በሰው አገር ያለን ሐበሾች የኮሙኒቲያችንን ኮሚቴ ለመምረጥ ወጣን። የውሃው ቧንቧ በየትኛው ሰፈር እንደሚተከል አዲሱ ኮሚቴ ይወስናል ስለተባለ የቀረ ሰው የለም። በነጋዴዎቹ ሰፈር ሦስት ሣጥን አኑረው፣ ድንኳን ጥለው፣ ወንበር ደርድረው ነበር፤ መርጠው ሲመለሱ የተቀዳላቸው ሻይ ገና አልቀዘቀዘም አሉ። እኛ የሣር ጎጆ ሰፈርተኞቹ፣ ያን ሁሉ የቀን ሠራተኛ ይዘን የደረሰን አንድ ሣጥን ነው። ከሰልፍ የወጣ ተራው አለፈበት ተባለ።

ከፊቴ የነበሩት እማማ ተናኘወርቅ ናቸው፤ ከናንተ ማዶ ያለው የባንታምላክ እናት። በርጩማቸውን ይዘው መጥተው፣ ነጠላቸውን እስከ ፊታቸው ተከናንበው ተቀመጡ። ጠዋት ውሃ ባቀርብላቸው «ዓርብ እኮ ነው ልጄ፣ ሳይመሽ ውሃ አላይም» ብለው ተቆጡኝ። ከዚያ ወዲያ አልደፈርኋቸውም። ሰልፉ ፈቀቅ ባለ ቁጥር እኔና ከኋላዬ ያለችው ሴት በርጩማውን ከነእሳቸው አንሥተን እናስጠጋቸዋለን። እየከበዱን ሲሄዱ ደክሟቸው ይሆናል አልን። እሳቸውም ከነጠላው ውስጥ «ተጠጉ፣ ልጆቼ፣ ተጠጉ» ይሉናል። በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የኋላዬም ሰምታለች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከጠረጴዛው ደረስን። መዝጋቢው ምስጋናው የሚባል የነጋዴ ልጅ ነው። ቀና ሳይል ስማቸውን ጠራ። «አለሁ» የሚል ድምፅ ሁላችንም ሰማን። እጃቸውን ስቦ ጣታቸውን ከቀለሙ ነከረና ክው ብሎ ቀረ። «እኅቴ፣ ይህ እጅ በዚህ ሐሩር ለምን እንዲህ ቀዘቀዘ?» አለኝ። ነጠላውን ገለጥሁ። ዓይናቸው እንደተከፈተ ነበር።

የገነዟቸው ሴቶች «ይህ ሬሳ ከረፋድ ጀምሮ የደረቀ ነው» አሉን። እንግዲያ ከሰዓት በኋላ ተጠጉ ሲለን የዋለው ማን ነው? ስማቸው ሲጠራስ ማን አቤት አለ?

የባሰውን ልንገርህ። ሞታቸውን ካየን በኋላ እንኳ ለአፍታ የተነቃነቀ የለም። ዋይ ያለም የለም። ሁሉም ተራው እንዳያልፍበት ፈርቶ ተገትሮ ቀረ፤ ፊቱን ሳየው የሞተው ማን፣ ያለው ማን እንደሆነ ጠፋኝ። መጀመሪያ የተነሣው ምስጋናው ነው። ታቀፋቸውና ነጋዴዎቹ ውጤት ከሚጠብቁበት ድንኳን ድረስ ይዟቸው ሄደ። በገዛ አባቱ ፊት «እኒህ እናት ሞተው ተሰልፈው ዋሉ። በዚህ ምርጫ እኔ አልፈርምም» አለ። ሽማግሌ ተቀመጠና ምርጫው ፈረሰ። እሳቸውንም በማግሥቱ ካህን ፈትቶ፣ ቀለሙ ከጣታቸው ሳይለቅ ቀበርናቸው።

ባለፈው ዓርብ ነጋዴውም እኛም ተቀላቅለን፣ በአንድ ቦታ፣ ሣጥኑን ሁሉ አንድ ላይ አድርገን መረጥን። ሳንቆም አለቀ ብልህ ይቀለኛል። ቧንቧውም በሁለቱ ሰፈር መሐል ሊተከል ነው። ብቻ ስንሰለፍ፣ ማንም ሳያዝዝ፣ ከፊቴ የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ቀረ። የአንዱ ነጋዴ ሚስት ነገሩን ሳታውቅ ልትገባበት ብላ ድንገት ወደ ኋላ አለች። «ይቅርታ፣ ሰው ያለ አልመሰለኝም ነበር» አለች። ለማን እንዳለችው አልጠየቅኋትም።

እንግዲህ የባንታምላክን መርዶ ባንተ ላይ መጣሌ ነው። የንስሐ አባቱንና ሽማግሌ ይዘህ በጠዋት አርዳው። ብቻዋን ሞተች ወይ ካለህ፣ በሰው መሐል ነበረች በለው። ስለ ድምፁ ግን አደራ እንዳትነግረው፤ እናቴ አሁንም ተሰልፋለች ብሎ እንዳይባክን።

እምዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። እትዬ ዕፀገነትን እጅግ አድርጌ ናፍቄሻለሁ ብላለች በልልኝ። ማሬን ጉንጯን ሳምልኝ፤ አክስትሽ አልረሳችሽም በላት። ለባንታምላክ ግን መርዶው ሳይቀድም ሰላምታዬን አታድርስ።

እኅትህ ሐመልማል
ሀዋታ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 2018 ዓ.ም.