ማኅተም ላረፈበት ባዶ ሴቲንግ የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎና ከእጅዎ ለማይለየው ማኅተም ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ።

እኔ ሰርቨሩን የምጠብቀው፣ በየስብሰባው ደረቴን ነፍቼ ባክአፕ አለን የምለው ሠራተኛዎ ነኝ። ለማያውቅ አንባቢ ለማስረዳት ያህል፣ ሰርቨሩ የታካሚዎቻችን ካርድ በሙሉ የተቀመጠበት ኮምፒውተር ነው፤ ባክአፕ ደግሞ እሱ ቢበላሽ የሚተካው ቅጂ ነው። ባለፈው ሳምንት የሰርቨሩ ዲስክ ሞተ፤ ቅጂው ደግሞ ከነጭራሹ ሳይወለድ ኖሯል። እናም በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሣሁ።

አንደኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ። አምና ሰርቨሩ በአዲስ ሲተካ የባክአፑ ሴቲንግ፣ ማለትም ቅጂው እንዴትና የት እንደሚቀመጥ ለፕሮግራሙ የሚነግረው ዝርዝር፣ ታትሞ በኮሚቴ ይጽደቅ አሉ፤ ምስጢር እንዳይወጣም የይለፍ ቃሉን፣ ቅጂው የሚቀመጥበትን ቦታና ስህተት ሲፈጠር መልእክት የሚላክበትን አድራሻ አስቀድሜ እንዳጠፋ አዘዙኝ። አጠፋሁ። ኮሚቴውም ባዶውን በጥሞና መርምሮ አንዳች ነውር ስላላገኘበት አጸደቀው፤ የእርስዎም ማኅተም አረፈበት። ያልጸደቀ ነገር ሰርቨር ላይ አይጫንም የሚል መመሪያ ስላለን፣ እኔም ሙሉውን ትቼ የጸደቀውን ባዶ ጫንኩ። ያስተማሩኝ ወላጆቼ ይህን ባይሰሙ ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፣ ስላገኘሁት ሰላም። ፕሮግራሙ በየዕለቱ ቅጂውን የት ላስቀምጥ እያለ ሲጨነቅ ከርሟል፤ ለማን አቤት እንደሚል ግን አልተጻፈለትም። እኔ ብልጡ ደግሞ ዝም ያለ ማሽን ጤነኛ ነው ብዬ፣ ሻዬን ይዤ መብራቱ ብልጭ ድርግም ሲል እያየሁ ታታሪነቱን ሳደንቅ ነበር። አንድ ቀን እንኳ የቅጂውን ዲስክ ከፍቼ አላየሁም። ጉዱ በፈላ ዕለት በኩራት ሄጄ ብከፍተው፣ ወይ ጉድ! ከፋብሪካ እንደወጣ ንጹሕ ነው። አሁን ሴቲንጉን ሞልቼ፣ ቅጂውንም በየቀኑ እየከፈትኩ እፈትሻለሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ሦስተኛው ለቀልድ አይመቸኝም። የካርድ ክፍሏ እህታችን፣ መስኮቷ ላይ ለተሰለፈው ሰው ካርዱ እንደጠፋ እውነቱን ነግራ ይቅርታ በመጠየቋ፣ የተቋሙን ስም አጉድፋለች ተብላ ከሥራና ከደመወዝ ታገደች። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን! ባዶውን የጫንኩት እኔ ደግሞ፣ ሥጋ ለጅብ አደራ እንዲሉ፣ የካርዶቹን መጥፋት የሚያጣራው ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኜ ተሾምኩ። ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። ትናንት በር ላይ ስታገኘኝ ዓይኗን ማየት አቅቶኝ፣ ስልክ የማወራ መስዬ አለፍኳት፤ ስልኩ ጠፍቶ ነበር። አፍሬያለሁ፣ ጌታዬ።

ስለዚህ የተሰጠኝን ማጣራት በዚሁ ጨርሻለሁ። ጥፋተኛው ሰብሳቢው ራሱ ነው፤ አጽዳቂው ደግሞ እርስዎ ነዎት። እሷ ነገ ወደ መስኮቷ ትመለስ፤ የሷን ቅጣት ለእኔ ያዙሩልኝ፣ ለእርስዎ የሚተርፍ ከሆነም ይካፈሉኝ።

እንደ እኔ ላለ ሰው ይህን ሁሉ ታካሚ በአደራ ስለሰጡ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣

የሚጠብቀው ነገር እስኪያገኝ ድረስ የሰርቨሩ ጠባቂ፣
ታዛዥ አገልጋይዎ

ማሳሰቢያ፦ ከጠፉት ካርዶች አንዱ የእርስዎ ነው። ሐኪምዎ ምን መድኃኒት እንዳዘዘልዎ እኛ ዘንድ አንድ መስመር አልቀረም፤ እንደማንኛውም ሰው ተሰልፈው አዲስ ካርድ ማውጣት ይኖርብዎታል። ሰልፉ ከግቢው በር ወጥቷል፤ ሆኖም ለመድረስ አይቸኩሉ፣ ካርድ የምታወጣዋን ሴት ስላገዷት መስኮቱ ዝግ ነው።