የአባዬ ዛጎል

ለምወድህ ወንድሜ ኢብሳ፣

እንደምን ሰንብተሃል? የበርገን ብርድ እንዴት ይዞሃል? ጉንፋኑስ ለቀቀህ? «ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ልጀምር ፈልጌ ነበር፤ አልሆነልኝም። ይህን ደብዳቤ ለእረፍት መጥቶ በነበረው ጓደኛህ በሄኒ እጅ ልኬዋለሁ። ሲሰጥህ ሌሎቹም ጓደኞቻችሁ እንዲኖሩ ለምኜዋለሁ። አብረውህ ይቀመጡ፣ ከዚያ ቀጥል።

አባዬ አርፏል ኢብሳዬ። ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ ጠዋት ላንቻ ጋራዥ ሊሄድ ጫማውን ሲያስር ደረቱን ያዘው፤ ሐኪም ቤት አልደረሰም። ኡራኤል ቀበርነው። እማዬ «ፈተናውን እስኪጨርስ አትንገሩት፤ በሰው አገር ለብቻው መርዶ አይሰማም» አለች። ስትደውል «ተኝቷል» የምልህ እኔ ነኝ። ከዚህ በላይ ግን አልችልም። እስካሁን አላለቀስኩም። ዕቃ አጥባለሁ፣ ቤት እጠርጋለሁ፣ በቃ።

ከተቀበረ በኋላ በቴሌግራም የላክኸው ድምፅ መጣ። የምታጠናውን ለአባዬ እንደገና አስረድተሃል፤ ዛጎል ያለው የባሕር እንስሳ ውስጥ ራሱን እየቀዳ ሌላ ቦታ ሄዶ የሚገባ የዲኤንኤ ቁራጭ እንዳለ፣ እየተደጋገመ እንደሚበዛ፣ ብዙው ተበላሽቶ መንቀሳቀስ ቢያቆምም ከዘር ወደ ዘር እንደሚተላለፍ። መጨረሻ ላይ «ገብቶት እንደሆነ በራሱ አፍ መልሶ ይንገረኝ» አልክ። እማዬ ሰማችና «እሺ በይው» አለችኝ።

አባዬ ጋራዥ ለመጣ ሰው ሁሉ ይህን ይነግር እንደነበር ታውቃለህ? «ማንም ሳይጠራው እየተባዛ በየቦታው የሚገባ ነገር ነው፤ ልክ እንደ ባይሳ ወሬ» ይላል። አብሮት የሚሠሩት ጋሽ ባይሳ ደግሞ «የእኔ ወሬ ከጋራዡ አያልፍም፤ ያንተ ዛጎል ግን ሜክሲኮ ታክሲ ተራ ደርሷል!» ይሉት ነበር። በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ጋሽ ባይሳ ለማላውቃቸው ሰዎች ያንኑ ሲያወሩ ሰማሁ። «ዓሣ ውስጥ ነው» አሏቸው። ቀኑን ሙሉ ቃል ያልወጣት እማዬ ከፍራሹ ላይ ቀና ብላ «ዛጎል ነው ያለው» አለች።

መልስ ስለጠየቅህ ነው የምጽፍልህ። ገብቶት ነበር። በእሱ አፍ የሚነግርህ ግን የለም።

እማዬ መጻፌን ስለማታውቅ የእሷን ሰላምታ ልልክልህ አልቻልኩም። ማታ ማታ እኛ ጋ የሚያድሩት ጎረቤታችን እትዬ ወርቄ «አይዞህ በይልኝ» ብለዋል። ጋሽ ባይሳም ባገኙኝ ቁጥር ሰላም ይሉሃል፤ አሁንም ዓሣ ነው የሚሉት፣ አላረምኳቸውም። ከእሳቸው ቀጥሎ «አባዬም ሰላም ይልሃል» ብዬ ልጽፍ እጄ ቀድሞኝ ነበር። ቦታውን ባዶ ተውኩት።

እህትህ ቢፍቱ ጉተማ
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ኅዳር 19 ቀን 2017 ዓ.ም.