ከፖስታው ላይ የሚጻፈው

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፤

እንዴት ሰነበትክ? ሳልህ ለቀቀህ ወይ? እኛ ደህና ነን፤ እማዬም ጉልበቷን ከሚያማት በቀር ደህና ናት። ደህና ነን ያልኩህ ግን ልማድ ሆኖብኝ ነው። ደህና አይደለንም።

የማዕድን ቆፋሪዎቹ ወንዛችንን መረዙት ብለህ ተናግረህ ከሸሸህ ወዲህ ልንጽፍልህ ስንፈራ፣ የገበሬ ማኅበሩ ቴክኒሻን ይሲድ ኢሜይላችን ላይ መቆለፊያ አደረገልን። ትምህርት አይጠይቅም፤ ጽፈህ የቁልፏን ስዕል መንካት ብቻ ነው። ካንተ በቀር ማንም አያነበውም። እማዬማ “ይሄ እኮ ድስት ከመክደን ይቀላል” እያለች ሳቀችበት። እኔም እፎይ አልኩ፤ ምን አለ ባላልኩ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ሙዝ ስመርጥ የማኅበሩ ጸሐፊ ኑቢያ መጣች። ባሏ የማዕድኑ ዘበኛ እንደሆነ ታውቃለህ። ፈገግ ብላ “ወንድምሽ ሪዮ ሴኮ ተስማማው? አጎታችሁስ አሁንም ድልድዩ ማዶ ናቸው?” አለችኝ። ሙዙን እዚያው ጥዬ ሄድኩ። የተደበቅክበትን መንደር፣ ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልተነፈስኩትን!

ይሲድ ዘንድ ሮጥኩ። ራሱን እያከከ፣ የሚቆለፈው ውስጡ ነው፣ ርዕሱ ግን እንደተገለጠ ይሄዳል፣ የምንጽፍልህ በማኅበሩ ኢሜይል ነው፣ እሱ ደግሞ በኑቢያ እጅ ነው አለኝ። ርዕስ ላይ ምስጢር የሚጽፍ አለ ብሎ ስላላሰበ አልነገረንም። እማዬ ግን ዕድሜ ልኳን ፖስታ ላይ እንደምትጽፈው ጽፋዋለች፦ “ለልጄ፤ ሪዮ ሴኮ፣ አጎቱ ኤቬሊዮ ቤት፣ ከድልድዩ ማዶ።” አድራሻ የሌለው ደብዳቤ መንገድ ይስታል ብላ ነው፣ ምስኪን።

ስለዚህ ዛሬውኑ ውጣ። በድልድዩ አትለፍ፤ በጀልባ ሂድ። የት እንደምትሄድ ለእኔም አትንገረኝ።

ለእማዬ አልነገርኳትም፤ ብትሰማ አትተርፍልኝም። “እንዲህ ቀሎለት ሳለ ምነው መልስ ነፈገኝ?” እያለች ትወቅስሃለች። የአጎታችን ስልክ ይጠራል፤ የሚያነሳው የለም።

የዚህን ደብዳቤ ርዕስ ባዶ ትቼዋለሁ። የሚከፍተው ያንተ ስልክ ብቻ ነው። ስልኩን ማን እንደያዘው ግን መቆለፊያው አይነግረኝም። ስትመልስልኝ፣ ልጅ ሆነህ ስሜን መጥራት ሲያቅተህ ያወጣህልኝን ስም ጻፍልኝ። ሌላ ምንም አትጻፍ፤ እሱ ይበቃኛል።

እመቤታችን ከፊት ከኋላህ ትሁን፤ የሚፈልጉህን ሁሉ ዓይናቸውን ትያዝልህ።

እህትህ