አማርኛ የማይሰማ ውሻ

ጥቅምት 4 ቀን 1957

የጨርቅ ፋብሪካው ሰማያዊ ቀለም ዛሬም ዥጉርጉር ወጣ። የአቃቂ ውሃ ነው ይሉኛል። ስንፍና ነው እንጂ...

ቤት ስደርስ የሺሐረግ ውሻ አስመጥታለች። ወደ አገሩ የተመለሰው የጣሊያኑ መካኒክ ውሻ። ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያሉት ቤቶች ሁሉ ተሰርቀዋልና ይጠብቀን ትላለች። ባሏን ማን ጠየቀው? ውሻው ጥጃ ያክላል። አፉ ይሸታል። ለሃጩን ጫማዬ ላይ ጣለ።

ጥቅምት 9

ኮት ለለበሰ ጭራውን ይቆላል። ነጠላና ጋቢ ሲያይ ያብዳል። ማን አስተማረው? ይህም ይጠየቃል?

ጥቅምት 12

ወተት የምታመጣልንን ዳሲቱን ባቷን ነከሳት። ወተቱና ደሙ ደጃፉ ላይ ተቀላቀለ፤ ውሻው ላሰው። "ሂድ፣ ተመለስ" ብል ዞሮም አላየኝ። ዘበኛው አምባው በዱላ አስጣላት።

"አማርኛ አይሰማም'ኮ ጌታዬ። በጣሊያንኛ 'ቪያ' ካላሉት አይሄድም።"

"ታዲያ ለምን አላልከውም?"

"ከኔ አፍ አይቀበልም። ኮት የለኝማ።"

ዳሲቱን ሐኪም ቤት ወሰድኳት። በየቀኑ ሆዷ ላይ መርፌ ልትወጋ ነው።

ጥቅምት 13

ቪያ... በጠላት ዘመን በዚህች ቃል ከመንገድ ወርጄ ቦይ ውስጥ ቆሜአለሁ። ከነመነጽሬ፣ ከነዲግሪዬ። ጢም ያላበቀለ ወታደር እንዲያልፍ። ያን ቋንቋ ላልናገር ምዬአለሁ። ከነሱ የተዋስነውን ቃል፣ ጎማ ስል እንኳ ይቆጠቁጠኛል። ለውሻ ብዬ መሐላዬን ላፍርስ?

የሺሐረግን "ውሻውን ኩቺላ አብልቼ እገድለዋለሁ" አልኳት።

"ሌባውን በዲግሪህ ልታባርረው ነው?"

ጥቅምት 20

ቪያ አልኩት። ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ላይ ሊዘል ሲል ከአፌ አመለጠኝ። ወዲያው ጭራውን ወትፎ ወደ ኋላ። ሽማግሌው መረቁኝ። ገብቼ አፌን ታጠብኩ።

ጥቅምት 27

ዛሬም አልኩት፣ ደጋግሜ። ሰው በሰላም ይገባል ይወጣል። ይገደል ማለቴን ትቻለሁ። "አየህ፣ ቋንቋ መቻል" ትለኛለች የሺሐረግ። የሚያስጠላኝ መታዘዙ አይደለም። እኔን ደስ ማለቱ ነው።

ኅዳር 3

ፋብሪካ ሳለሁ አምባውን እጁን ነከሰው። ሊያበላው ቀርቦ። በርዶት ጋቢ ደርቦ ነበር... እኔ በሌለሁበት ማን ቪያ ይበለው? ከእንግዲህ ምን ይመከራል?

ኩቺላውን ራሴ ሥጋ ውስጥ ከትቼ ሰጠሁት። ለሌላ ሰው የምሰጠው ሥራ አይደለም። መንፈራገጡ እስኪያበቃ ቆሜ አየሁ። አረፋው፣ ሽታው... እራት አልበላሁም።

ኅዳር 11

ዳሲቱ እያነከሰች መጣች። ከበሩ ውጭ ቆማ "እውነት ሞተ?" አለችኝ።

"ሞቷል። ግቢ።"

"አንተም አትናከስም?" ብላ ሳቀች። ከስንት ቀን በኋላ እኔም ሳቅሁ።

ኅዳር 16

ቀለሙ እንደገና ተበላሸ። ደሜ ፈልቶ ቤት ደረስኩ። ዳሲቱ በሩ መሃል የወተት ቅሏን አስቀምጣ እጁን ከጠቀለለው ከአምባው ጋር ታወራለች። መግቢያ የለም።

"ቪያ" አልኳት።

ሳቋ ቆመ። ቅሏን አነሳች፣ ፊቷን ሳታዞር ወደ ኋላዋ እየሄደች አጥሩን ተጠጋች። አምባውም ባርኔጣውን አውልቆ አጠገቧ ቆመ።

መንገዱ ሰፊ ሆነ። አለፍኩ።