ዲስኬን ዝም ላሰኙልኝ ሊቀ መንበር

ኅዳር 12 ቀን 1982 ዓ.ም.
ለተከበሩ ጓድ ዋጋሪ
የቀበሌያችን የከተማ ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር
ነቀምቴ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጸና፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ።

እኔ የአዴ ድርቤ ልጅ ተረፋ ነኝ፤ በስታትስቲክስ ተመርቄ ምደባ የምጠብቅ፣ እርስዎም በስብሰባ ላይ «ሥራ ፈት ምሁር» ብለው በክብር ያስተዋወቁኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት፣ በእጅ የሰጠሁዎት ሦስት ማመልከቻዎች መሳቢያዎ ውስጥ ሌላ ተጨምሮባቸው እንዳይጨናነቁ አስቤ ነው።

ነገሩን ለማያውቁ ጎረቤቶች ላስረዳ። አጎቴ ሞረዳ ሾፌር የነበረበት የእርዳታ ድርጅት ሲዘጋ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ሰጡት፤ እሱም እኛ ቤት አስቀመጠው። ባለፈው ክረምት በአንገር ሸለቆ የሰፈራ ጣቢያዎች በእግሬ እየዞርኩ፣ ከወሎ ሲመጡ በየመኪናው ተለያይተው የቀሩ ቤተሰቦችን ስም በስድስት ደብተር መዘገብኩ። ሁለት ሺህ አራት መቶ ስም ነው። ማን ማንን እንደሚፈልግ መሣሪያው በደቂቃ እንዲያገናኝልኝ ሁሉንም ሃርድ ዲስኩ ላይ አስገባሁ። የመጨረሻውን ስም ባስገባሁ ማግስት ዲስኩ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ጀመረ። ምስጋናዬም ከዚህ ይጀምራል።

፩. ሕመሙን ለማወቅ የሚቻለኝን አድርጌ ነበር። ሶኬት ቀየርኩ። የቀበሌያችን ወፍጮ ሲነሳ መብራቱ ስለሚደክም፣ ወፍጮው እስኪቆም ጠብቄ ሞከርኩ። ማለዳ፣ ገና ሳይሞቅ፣ አራት ደቂቃ ያህል አንብቦ እንደሚቆም ደረስኩበት። በየማለዳው በአራት በአራት ደቂቃ ስሞቹን ወደ ፍሎፒ ልገለብጥ ተዘጋጅቼ ሳለ፣ የአብዮት ጥበቃው ጓድ ባቻ መስኮቱ ሥር ቆሞ ሲያዳምጥ ኖሮ ገባ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ፣ ይኼ ቀጭ ቀጭ የሚለው ለማን ነው የሚያስተላልፈው?»

ዲስኩ ታሞ ነው ብዬ ብነግረው፣ የታመመ ነገር እንዲህ በሥርዓት አይቆጥርም ሲል መለሰልኝ። እኔ አራት ዓመት ተምሬ ብልሽት ያልኩትን እርሱ በአንድ ጆሮ ቴሌግራም መሆኑን ስላወቀ አድናቆቴ ይድረሰው።

፪. እርስዎም ኮሚቴው እስኪያጣራ ድረስ በማብሪያውና በክዳኑ ብሎኖች ላይ ወረቀት አስለጥፈው በማኅተም አሸጉልኝ፤ ስድስቱንም ደብተሮች ለምርመራ አስወሰዱልኝ። የታመመ ዲስክ በቆመ ቁጥር እንደሚጣበቅ ብጽፍልዎ፣ ኮሚቴው ምልዓተ ጉባኤ ባለመሟላቱ አምስት ጊዜ ሳይሰበሰብ ቀረ። በስድስተኛው ተሰብስቦ ስለ ምልዓተ ጉባኤ አስፈላጊነት ተወያየ።

፫. በአርባ ሰባተኛው ቀን ራስዎ መጥተው ማኅተሙን ቀደዱ። አበራሁ። ድምፅ የለም። ቀጭ እንኳ የለም። ጓድ ባቻ ጆሮውን አስጠግቶ «አየህ? ተስተካከለ» አለኝ። ክዳኑን ፈታሁ፣ ገመዱን ነቅዬ መልሼ ሰካሁ፣ ዲስኩን አውጥቼ በመዳፌ እያገላበጥኩ ነካ ነካ አደረግሁት፤ አልነቃም። እርስዎ «መተላለፉ ቆሟል» የሚል ቃለ ጉባኤ ላይ አስፈረሙኝ። ፈረምኩ፤ እውነት ነው፣ ቆሟል።

በዚያው ሰሞን ሸዋጌጥ የምትባል ሴት ከሰፈራ ጣቢያ ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ ደጃችን ደረሰች። ከአምስት ዓመት በፊት ሌላ አውቶቡስ ላይ የተጫነች ታናሽ እህቷን ፀዳለን ትፈልጋለች። «ስም የሚያውቅ ሣጥን አለው አሉኝ፤ እስቲ ጠይቅልኝ ልጄ» አለችኝ። ሣጥኑን ከማሳየት በቀር የማደርገው አልነበረኝም። እናቴ ፍራሽ አነጠፈችላት፤ እስከ ዛሬ እኛው ዘንድ ናት።

፬. ስለዚህ ደብተሮቼ ይመለሱልኝ። ጸሐፊዎ ደብተሮቹ «አገልግሎት ላይ ውለዋል» ብላኛለች፤ ምን ዓይነት አገልግሎት እንደሆነ ግን አልነገረችኝም። ዲስኩ ቢሞትም ስሞቹ በእጄ ጽሑፍ አሉ፤ እጄ ደግሞ ገና አልታሸገም።

ለሰጡኝ ትምህርትና ለወሰዱልኝ አርባ ሰባት ቀን ደጋግሜ እያመሰገንኩ፣ ምልዓተ ጉባኤ በማያስፈልገው አክብሮት ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

ድምፁ ገና ያልጠፋው ነዋሪዎ
ተረፋ ጨመዳ

ማስታወሻ፦ ይህን ትናንት ጽፌ ሳልለጥፈው፣ እናቴ ከቀበሌው ሱቅ ግማሽ ኪሎ ጨው ገዝታ ገባች። መጠቅለያው የእኔው የእጅ ጽሑፍ ነው። አገልግሎቱም ያኔ ገባኝ። ዘጠነኛው መስመር «ፀዳለ፤ እህቷን ሸዋጌጥን ትፈልጋለች፤ ያለችበት ጣቢያ» ይላል። ባለሱቁ ወረቀቱን ለሁለት ስለሚቀደው የጣቢያው ስም በሌላው ግማሽ ላይ፣ በሌላ ሰው ጨው ሄዷል። ወደፊት በፊደል ተራ እንዲጠቀልል ይታዘዝልን። ሸዋጌጥ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከባኬ ጃማ ሰፈር እስከ ገበያው በየቤቱ እያንኳኳች ነው። እርስዎም ደጅ ትደርሳለች፤ ጨዉን ያስቀሩት፣ ወረቀቱን ይስጧት።