«ወድቀው ነው» ብዬ ፈረምሁ

ኅዳር 8
የሐይቁ ወደብ ላይ ተረኛ ፖሊስ ነበርሁ። ሙቀት፣ ግፊያ... እንደ ወትሮው። የቁንዝላው ጀልባ ዘገየና ሰው ተጋፋ። ቆመጤን አውጥቼ «ወደ ኋላ!» አልሁ። ሁሉም ሸሸ፤ አንድ ሽማግሌ ካህን ግን ንቅንቅ አላሉም። የናቁኝ መሰለኝ። መታኋቸው። ለካ ጆሯቸው አይሰማም።

ኅዳር 9
መሪጌታ ወልደ ጻድቅ ይባላሉ። የዜማ መምህር። የቀኝ ክንዳቸው ተሰብሯል፤ ጸናጽል የሚይዙበት።
አለቃዬ ኢንስፔክተር ቢያዝን ሪፖርቱን ጽፎ ጠበቀኝ። «በግፊያው ወድቀው ነው። ፈርም፤ ልጆችህን አስብ።»
ፈረምሁ።

ኅዳር 14
ሰገነት «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። «ደክሞኝ ነው» አልኋት። ሚስቴንም ዋሸሁ።

ኅዳር 19
ሐኪም ቤት ሄድሁ፤ የደንብ ልብሴን አውልቄ። ለምን? እንዳያውቁኝ? መሪጌታ ገና ከበሩ አወቁኝ።
«ና፣ ትንሽ በሚሰማው ጆሮዬ በኩል ተቀመጥ።»
«አባቴ፣ የመታሁዎት እኔ ነኝ። ጣቢያ ያለው ወረቀት ግን ወድቀው ነው ይላል።»
«እኔስ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ልጄ። ነገ ሌላው ሲመታ፣ እሱም ወደቀ ሊባል ነው?»


ኅዳር 21
አዲስ ሪፖርት ጻፍሁ። «እኔ መታኋቸው። አልመቱኝም፣ አልሰደቡኝም።» ለዲሲፕሊን ኮሚቴ በእጄ ሰጠሁ። ቢያዝን ኮሪደር ላይ አገኘኝ። «እኛንም ይዘህ ልትወድቅ ነው?»

ጥር 2
ከሳጅን ወደ ምክትል ሳጅን ዝቅ ብያለሁ፤ ሦስት ወር እገዳ። ቢያዝን ማስጠንቀቂያ ብቻ። ሰገነት «ቀድመህ ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለች። እውነቷን ነው።

ሚያዝያ 6
ሥራ ተመለስሁ። ብዙዎቹ ሰላም አይሉኝም። አንድ አዲስ ነገር አለ፤ ቅጽ። ኃይል የተጠቀመ ፖሊስ በዚያው ቀን ይሞላል፤ የተጎዳውም ቃሉን ይሰጣል። መሪጌታ በፋሻ በታሰረ ክንዳቸው የጣቢያው አዛዥ ዘንድ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ነው ያስወጡት። እኔ ቤት ተቀምጬ ሳዝን እሳቸው ይለፉ ነበር።

ሐምሌ 11
አዛዡ ተቀየሩ። ቅጹም አለቀ፤ ሌላ አልታተመም። «ይቁም» ብሎ ያዘዘ የለም፤ ዝም ብሎ ቀረ። አዲስ ደንብ የሚሞተው እንዲህ ነው?
አዲሷ ኮንስታብል አደይ «ታዲያ በምን እንጻፍ?» አለችኝ።
«በተራ ወረቀት።»

ነሐሴ 3
ወደብ ላይ አንድ ሰካራም አንገቴን አነቀኝ። ቆመጤ ወገቤ ላይ ነበር፤ አልነካሁትም። ክንዱን ግን ጠምዝዤ አስቀመጥሁት። ጣቢያ ገብተን ያንኑ በተራ ወረቀት ጻፍሁ። ሰውየው ሲረጋጋ አደይ ቃሉን ተቀበለች። «ትከሻዬን አሞኛል» አለ፤ ጻፈችው።
ቢያዝን ወረቀቱን አነሣ። «ይኼን ማን አዘዛችሁ?»
«ማንም» አለች አደይ።
የሚቀድደው መስሎኝ ነበር። ቆሞ እስከ መጨረሻው አነበበና መለሰላት።
«ሰዓቱን አልጻፍሽም» አላት።